አፎቱን የጠየቀው የለም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ። "የስኬት ስልጠና" ነው የሚሉት። ጓደኛዬ ትኬቱን ቀድሞ ገዝቶልኝ ስለነበር ቀርቼ ላስቀይመው አልፈለግኩም። አሰልጣኙ ወጣት ነው። በቀን 4 ሰዓት ብቻ እንደሚተኛ ነገረን። ቁርስ የሚባል ነገር ከተወ 3 ዓመት ሆኖታል። የልጁ ልደት ቀን ሥራ ስለነበረው አልተገኘም። ይሄን ሁሉ የነገረን አፍሮ አይደለም፤ ኮርቶ ነው። አዳራሹም አጨበጨበለት።

ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ "አባቶቻችን ምን አሉ? እጅግ ስለት ይቀዳል አፎት! ተሳሉ! የሚችላችሁ አፎት እስኪጠፋ ድረስ ተሳሉ!" አለ።

ጭብጨባው ተደገመ። እኔ እጄን አጣምሬ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጠጋ ብላ፣ "ስለት እኮ ደስ ይላል፤ እኔም ቁልቢ ያልደረሰ ስለት አለብኝ" አለችኝ። አንዲት ምስኪን አባባል በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ስትገደል አየሁ።

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ስለት የቢላውም ስለት የቁልቢውም በጽሑፍ አንድ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "ይቀዳል"ማ ይብሳል። አሳላፊው ጠጅ ይቀዳል ስንል "ዳ" ትላላለች። ስብሰባው በቪዲዮ ይቀዳል ስንል "ቀ"ም "ዳ"ም ይጠብቃሉ። ምስማሩ ሱሪህን ይቀዳል ስንል ደግሞ "ዳ" ብቻ ትጠብቃለች። የኛዋ የምስማሩ ናት፤ ቀደደ ነው ግሱ። "አፎት ይቀዳል" መባል ሲገባው ቤት እንዲመታ ተገለበጠ። ሙሉዋ "እጅግ ብልሃት ያደርሳል ከሞት፣ እጅግ ስለት ይቀዳል አፎት" ናት። አፎት ማለት የስለት ቤት ነው፤ ሰገባም ይሉታል።

አሰልጣኙ ግን ቃሉ አልጠፋበትም። የማን ወገን ሆኖ እንደሚናገር ነው የጠፋበት። ይሄን ለማስረዳት ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ።

አባባ (አያቴን ማለቴ ነው) አንድ ካራ ነበራቸው። እጀታው ቀንድ ነው፤ ከመያዝ ብዛት ለስልሶ እንደ መስታወት ያበራል። አፎቱ የበሬ ቆዳ ነው። አፎት እንዴት እንደሚሰፋ ያላየ ሰው ይቺ አባባል አትገባውም ብዬ ነው የማምነው። ቆዳው አንድ ቁራጭ ነው። በካራው ልክ ይቆረጥና ለሁለት ይታጠፋል። እጥፋቱ በካራው ጀርባ በኩል ይሆናል፤ ክፍቱ በኩል በወስፌ እየተበሳ በጅማት ይሰፋል። እንግዲህ አስቡት፤ ስፌቱ የሚያርፈው በስለቱ በኩል ነው። የአፎት ደካማ ጎን ሁልጊዜም ስለቱን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያድረው።

ለዚህ ነው አባባ ካራ መምዘዝንም መመለስንም እንደ ትምህርት ያስተማሩኝ። ጀርባውን እጥፋቱ ላይ አስደግፈህ፣ ቀስ። ስፌቱን ሳትነካ።

መሳሉም ሥርዓት አለው። ከወንዝ የመጣች ለስላሳ ድንጋይ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ውሃ ጠብ ይደረግባታል። ካራው ጋደም ብሎ ይገፋል፣ ይገለበጣል፣ ይሳባል። መጀመሪያ ድምፁ ይሻክራል። እየተሳለ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሹክሹክታ ይሆናል። አባባ ያን ጊዜ ያነሱትና ስለቱን የአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ያሳርፉታል። ካንሸራተተ ገና ነው። ጥፍሩን ነከስ ካደረገ "በቃው" ይላሉ። ሌላ መለኪያ የላቸውም። በቃው ካሉ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳን ድንጋዩን አያስነኩትም።

የ10 ዓመት ልጅ እያለሁ በአንድ ቅዳሜ ሹር ካራውን እኔ ልሳል ብዬ ለመንኩ። ለፋሲካ በግ ነው። ሰጡኝ። ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስገፋ ዋልኩ። ጥፍሬን ከነከሰ ቆይቷል፤ እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። የክንዴን ፀጉር ላጨው። ከዚያ የዶሮ ላባ አየር ላይ ይዤ ቆረጥኩበት። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ጉድ አሉ። ጀግና ሆንኩ! በዚያ ሁሉ ጉራ መሃል ካራውን ሽርክ አድርጌ ወደ አፎቱ መለስኩት። በየት በኩል እንደገባ ማን ያያል?

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። አባባ ካራውን ወገባቸው ላይ እንደታጠቁ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ፤ ወዲያው ብድግ አሉ። ስፌቱ ከጫፉ በኩል ወደ አንድ ጣት ያህል ተተርትሮ፣ በዚያ ብቅ ያለው ስለት ተነፋነፍ ሱሪያቸውን ቀዶ ጭናቸው ላይ አርፏል። ብዙም አልጠለቀም፤ ደሙ ግን ወረደ። እማማ የቡና ዱቄት ነሰነሱበት። አባባ አልጮኹም። ጥፍራቸው ላይ ሊሞክሩት ካራውን አነሱና፣ ገና ሳያሳርፉት ተዉት።

"ካራ ነው እንጂ ምላጭ መቼ አልኩህ?" አሉኝ።

በጉንም አስቸገረን። እጅግ የሳሳ ስለት አጥንት ሲነካ ይታጠፋል። እግሩ ጋ ሲደርስ ጫፉ ተሸረፈ። ቀሪውን በጎረቤት ካራ ጨረስን።

ከበዓሉ በኋላ ቅጣቴ አፎቱን ተሸክሜ አባባን ተከትዬ መሄድ ሆነ። ቆዳ የሚሠሩት ሽማግሌ ከወንዝ ማዶ ነበር የሚኖሩት። አፎቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ የተበጠሰውን ጅማት በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"ማነው የሳለው?"

አባባ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሽማግሌው ሳቁ። "እጅግ ስለት ይቀዳል አፎት፣ አንተ ልጅ።" አፎቱን ሲሰፉ በስፌቱ ውስጥ፣ ስለቱ በሚያርፍበት በኩል፣ አንዲት ቀጭን ጠፍር ጨመሩበት። ካራውንም ተቀብለው ድንጋይ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉና ዶልደም አድርገው መለሱት። አባባ ምንም አላሉም።

አባባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። ስለዚህ አንድ የራሴ ግምት አለችኝ፤ ማንም ቢስቅብኝ አልተዋትም። ይቺ አባባል የጦረኛ አይደለችም። የአፎት ሰፊው ናት። ጎራዴ የታጠቀ ሰው ስለ ጎራዴው ቢተርት ስለ ጠላቱ አንገት ነው የሚተርት። ስለ አፎት መቀደድ የሚያዝን፣ ጅማቱን በጥርሱ ያጠበቀው ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ስለ ብልሃትና ስለ ሞት የሚለውን የመጀመሪያውን ስንኝ አላሉትም። እኔ እንደምለው እሱን በኋላ የቀጠለው አንድ ደብተራ ነው። ቤት መምታቱን አይቶ ጣመው፤ ከቆዳ ሠሪው ደጅ አንስቶ ወደ ጌቶች ግቢ አስገባው። ባለ እጅ በተናቀበት አገር የአባባሉ ባለቤት ቢረሳ አይገርምም። "ፋቂ" (ቆዳ ሠሪ ማለት ነው) ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የሚሰደብ ሰው የተናገረውን ማን በስሙ ያስቀምጥለታል?

ሰፊው ናቸው የተናገሩት ካልን ትርጉሙ ይጠራል። "ሲበዛ ማር ይመራል" ስለ በይው ነው፤ የሚመረውም ራሱን በይውን ነው። አፎቷ ግን ሌላ ነገር ትላለች። እጅግ የተሳለው አያመውም። የሚቀደደው ያቀፈው ነው። አሰልጣኙ በተኛ በ4 ሰዓቱ ይነሳ፣ መብቱ ነው። ልደቱ ላይ አባቱን በር በሩን ሲያይ ያመሸው ልጅ ግን አፎት ነው። አዳራሹ ያጨበጨበው ለካራው ነበር።

በዚህ በኩል የሚያናድዱኝ ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ቢሮ ውስጥ አንድ ባልደረባ አለኝ። ሪፖርቱ የት ደረሰ ስለው፣ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ "ወንድሜ፣ እጅግ ስለት ይቀዳል አፎት" ይለኛል። እንዲህ ማለት ነው እንዴ? አባባ ዱልዱም ካራ አይወዱም ነበር። በዱልዱም በግ ማረድ ግፍ ነው ይላሉ። አባባሏ "እጅግ" ብላ ነው የጀመረችው፤ ጥፍር የማይነክስ ካራ የያዘ ሰው ምን አገባው? እሱ መጀመሪያ ድንጋዩ ጋ ይሂድ።

ስልጠናው ሲያልቅ መውጫው ላይ ቲሸርት ይሸጣል። 800 ብር። ደረቱ ላይ አባባሏ በወርቃማ ፊደል ተጽፋ፣ ከሥሯ የተመዘዘ ጎራዴ ተስሏል።

"አፎቱስ?" አልኩት ሻጩን።

ቲሸርቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። "እሱ አልመጣም" አለኝ። "ኤክስ ኤል ግን አለ።"