የተክል ኬሚካሎች በሰብል ተባዮች እንቁላል አጣጣል ላይ ያላቸው ሚና

ከእንቁላል የተፈለፈለ የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት እጭ ሩቅ መሄድ ስለማይችል፣ የሚመገበውን ተክል በአብዛኛው የምትመርጥለት እናቱ ናት። ለምርጫዋ የቅጠሉ ቀለምና ቅርፅ ቢያግዟትም ወሳኞቹ ተክሉ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ናቸው። ከሩቅ በአንቴናዋ የምትለየው በአየር ላይ የሚተኑ ሽታዎችን ነው፤ አብዛኞቹ ሽታዎች በብዙ ተክሎች ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸውም ብዙውን ጊዜ ምልክት የሚሆናት አንድ ነጠላ ሽታ ሳይሆን የድብልቁ ምጣኔ ነው። ካረፈች በኋላ ግን ጉዳዩ ወደ ጣዕም ይዞራል። የጎመን ቢራቢሮ እንቁላሏን ከመጣሏ በፊት የቅጠሉን ገጽ በፊት እግሮቿ ደጋግማ ትመታለች፤ በእግሮቿ ጫፍ ያሉት ጥቃቅን የመቅመሻ ፀጉሮች ግሉኮሲኖሌት የተባሉትን የጎመን ዘር ውህዶች ሲያገኙም እንቁላል ለመጣል ትነሳሳለች።

የሚገርመው እነዚሁ ግሉኮሲኖሌቶች የተክሉ መከላከያ መሆናቸው ነው። ቅጠሉ ሲታኘክ ማይሮሲኔዝ በተባለ ኢንዛይም ተሰባብረው ሰናፍጭን የሚያቃጥል የሚያደርጉትን ውህዶች ይፈጥራሉ፤ ውህዶቹም ብዙ ነፍሳትን ይመርዛሉ ወይም ያርቃሉ። መርዙን ማክሸፍ የቻሉት የጎመን ቢራቢሮና ዳይመንድባክ የተባለችው የእሳት እራት ግን ሌላው የሚሸሸውን ኬሚካል የእንቁላል መጣያ ምልክት አድርገውታል። የእናቲቱ ምርጫ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ዳይመንድባክ ባርባሪያ በተባለው የጎመን ዘመድ ላይ በግሉኮሲኖሌቱ ተስባ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት እጮች ግን በቅጠሉ ውስጥ ባለው ሳፖኒን የተባለ ለእነሱ መርዛማ ውህድ ምክንያት ይሞታሉ። ተክሉን ለተባይ ወጥመድነት ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ባሕርይው ነው።

ተክሉ እንቁላል ከተጣለበት በኋላም ምላሽ ይሰጣል። አንዳንድ የሩዝ ዝርያዎች ፌንጣ መሰል መጣጭ ነፍሳት እንቁላል ሲጥሉባቸው እንቁላሉን የሚገድል ቤንዚል ቤንዞኤት የተባለ ውህድ ያመነጫሉ። አንዳንድ ነባር የበቆሎ ዝርያዎች ደግሞ የአገዳ ቆርቁር (እጯ አገዳ የምትበሳ የእሳት እራት) እንቁላል ሲያርፍባቸው ሽታቸውን በመቀየር ትሪኮግራማን የመሳሰሉ፣ በተባዩ እንቁላል ውስጥ የሚያድጉ ጥገኛ ተርቦችን ይጠራሉ።

በዚህ እውቀት ላይ ከተመሠረቱት ዘዴዎች በጣም የታወቀው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ የግብርና ምርምር ተቋም ሮትሃምስተድ ጋር በ1990ዎቹ በኬንያ ያዳበረው የመግፋትና የመሳብ ዘዴ ነው። እንደ ሞላሰስ ሳር ያለ የአገዳ ቆርቁርን በሽታው የሚያርቅ ተክል በበቆሎው መካከል፣ ከበቆሎው ይበልጥ የሚስባት የዝሆን ሳር ደግሞ በማሳው ዙሪያ ይተከላል። በዝሆን ሳሩ ላይ ከሚፈለፈሉት እጮች ብዙዎቹ አገዳውን ለመብሳት ሲሞክሩ በሚወጣው አጣባቂ ፈሳሽ ተይዘው ስለሚሞቱ ለአካለ መጠን የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።