ሊድ በልጆች መጫወቻ ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሊድ ማለት እርሳስ የምንለው ከባድ ብረት ነው። መጫወቻ ውስጥ የሚገባው ቀለሙን ለማድመቅ፣ ፕላስቲኩ ሙቀት እንዲችል ለማድረግ ወይም ርካሽ ጌጣጌጥ ከበድ እንዲል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያደርስ የሚታወቅ የሊድ መጠን የለም ይላል። በዓይን አይለይም፣ በማሽተትም አይታወቅም። ስለዚህ ወላጅ በግምት ይሄዳል፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይስታል።

«ልጄ አፉ ውስጥ ያደርገዋል እንጂ አይውጠውም»

መዋጥ የለበትም። ጥርስ እያወጣ ያለ ሕፃን ትንሽ መኪና ይዞ ሲጫወት እዩት። ጎማውን ይልሳል፣ ጠርዙን በድዱ ያኝካል፣ ይጥላል፣ አንስቶ መልሶ አፉ ይከታል። ቀለም ቀድሞ የሚላጠው ደግሞ እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ብናኙ ጣቱ ላይ ይቀራል፤ ከጣቱ ወደ አፉ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሕፃናት ከዋጡት ሊድ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው አዋቂ ላይ ከሚሆነው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። ሆዳቸው ባዶ ከሆነ ይብሳል። «ካልጣመው ይተፋዋል» ብላችሁም አትተማመኑ፤ አንዳንድ የሊድ ውህዶች ይጣፍጣሉ።

«ታዋቂ ብራንድ ነው፤ ደግሞም እንጨት ነው»

በፈረንጆቹ 2007 ማቴል የተባለው ግዙፍ የመጫወቻ ኩባንያ 1.5 ሚሊዮን ያህል የፊሸር ፕራይስ መጫወቻዎችን ከገበያ ሰብስቧል። ምክንያቱ ቀለማቸው ውስጥ የተገኘው ሊድ ነበር። በዚያው ዓመት ልጆች የሚወዷቸው የቶማስ የእንጨት ባቡሮችም በተመሳሳይ ምክንያት ተሰብስበዋል፤ እነሱም 1.5 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። እንጨቱ ምንም አላደረገም፤ ጣጣው ያለው የተቀባው ቀለም ላይ ነው።

ብራንድ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ስሙ የሚታወቅ አምራች ቢያንስ ችግር ሲገኝ ተጠያቂ ይሆናል፣ ዕቃውንም ይሰበስባል። ከ2007ቱ ጉድ በኋላ አሜሪካ ሕጓን አጥብቃ በመጫወቻ ቀለም ላይ የሚፈቀደውን ሊድ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ቀለም ውስጥ ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ አድርጋ አውርዳለች። አምራቹም አገሩም ያልተጻፈበት መጫወቻ ግን ማን እንደመረመረው አይታወቅም። እኔ ብሆን ለትንሽ ልጅ አልገዛም።

«ቀለም ካልተቀባ ችግር የለውም»

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ሊድ ከፕላስቲኩ ጋር ተቀላቅሎ ሊኖር ይችላል። ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው፣ ሲፈተግና ሲያረጅ ፕላስቲኩ ይፈረካከሳል፤ ሊድ ያለበት ብናኝ ላዩ ላይ ይወጣል። ስትነኩት እጃችሁ ላይ ዱቄት የሚመስል ነገር የሚተው አሮጌ አሻንጉሊት ካለ ለልጅ አይሆንም።

የብረቱ ደግሞ ይብሳል። በ2006 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የ4 ዓመት ልጅ ከጫማ ጋር በስጦታ የተሰጠች የልብ ቅርጽ ያላት የአምባር ጌጥ ውጦ ሞተ። ጌጧ ሲመረመር 99 በመቶ ሊድ ሆና ተገኘች። ቀለም የለ፣ ስለት የለ፣ የምታስፈራ አትመስልም። ስለዚህ የልጆች ቀለበት፣ የአንገት ጌጥ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ባጠቃላይ ለመጠኑ ከበድ የሚል ርካሽ የብረት ጌጥ ሁሉ ነገር አፉ ከሚከት ልጅ ይራቅ። ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ውጦ ከሆነ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የሚጻፍበት እርሳስስ? ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ሊድ የለበትም። ልጁ ማኘክ የሌለበት ከውጭ የተቀባውን ቀለም ነው።

«አጥቤዋለሁ፣ አፍልቼዋለሁ»

ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን አቧራ ያነሳል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ቀለሙ ወይም ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ሊድ ግን የትም አይሄድም። ብረት ስለሆነ በመፍላት አይጠፋም፤ ሙቀቱ እንዲያውም ፕላስቲኩን ያስረጀዋል። በላዩ ሌላ ቀለም መቀባትም አያዋጣም፤ የሚያኝክ ልጅ ሁለቱንም ይልጠዋል።

«ልጄ ይበላል፣ ይሮጣል፤ ቢመረዝ ያስታውቅ ነበር»

አብዛኛውን ጊዜ አያስታውቅም። የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ምግብ መጥላትና መነጫነጭ የሚመጡት መጠኑ ከፍ ሲል ነው፤ ያኔም ቢሆን ሌላ በሽታ ይመስላሉ። በዝቅተኛ መጠን ሊድ ድምፁን አጥፍቶ አንጎልን ይጎዳል። የትምህርት አቀባበልን ይቀንሳል፣ ትኩረትን ያሳጣል። ችግሩ ገሃድ የሚወጣው ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የደረሰውን ጉዳት መመለስ አይቻልም። ሊድ ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት አለ፣ ግን የሚሰጠው በደም ውስጥ ያለው መጠን በጣም ሲበዛ ነው።

እርግጡን የሚነግራችሁ የደም ምርመራ ብቻ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ በዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ደም 3.5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ሊድ የተገኘበት ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል ይላል። ይህ ቁጥር «እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው» የሚል ትርጉም የለውም። የምትጠረጥሩት መጫወቻ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ልጁ እስኪታመም አትጠብቁ።

«ወተት መርዙን ያጥበዋል»

አያጥብም። ካልሲየምና አይረን በበቂ የሚያገኝ ልጅ ሰውነቱ የሚወስደው ሊድ ይቀንሳል፤ በደንብ መመገቡ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የገባውን ግን አንድ ብርጭቆ ወተት አያስወጣውም።

«በቤት መመርመሪያ ፈትሼዋለሁ፤ ነጻ ነው»

እየታሹ ቀለም የሚቀይሩት መመርመሪያዎች የላዩን ብቻ ነው የሚነኩት፤ ሊድ እያለም «የለም» ሊሉ ይችላሉ። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው። ለአንድ መጫወቻ ይህን ያህል መድከም ካልፈለጋችሁ፣ የምትጠራጠሩትን ከቤት አውጡት። ስትጥሉት አታቃጥሉት፤ ጭሱም አመዱም ሊድ ይይዛል። «አሁንም ይሠራል» ብላችሁም ለጎረቤት ልጅ አትስጡት።