ፀረ ሂስታሚን ምንድን ነው? ለታፈነ አፍንጫስ ይበጃል?

በምሠራበት የቱሉ ዲምቱ መድኃኒት ቤት ክረምቱ ወጥቶ አቧራው መነሣት ሲጀምር ብዙ ሰው አንድ ቃል ይዞ ይመጣል፤ «ሳይነስ»። በቅርቡ አንድ ጎልማሳ የሚኒባስ ሾፌር ሁለት ጣቶቹን ከዓይኖቹ ሥር ጫን አድርጎ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ወጥሮ ይዞኛል፤ አፍንጫዬም ድፍን ብሏል። ያቺን የአለርጂ ክኒን ስጪኝ» አለኝ። ያቺ ክኒን ፀረ ሂስታሚን ናት። ከመስጠቴ በፊት ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ነገር አለ፤ «ያሳክክዎታል?»

ሂስታሚን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኬሚካል ነው። በአፍንጫ የውስጥ ሽፋን ባሉ ሴሎች ተከማችቶ ይቆያል። አለርጂ ያለበትን ሰው አቧራ ወይም የሣር ብናኝ ሲያገኘው ሴሎቹ ሂስታሚኑን ይለቁታል፤ እሱም ተቀባይ በሚባሉ ቦታዎች ላይ ሲያርፍ አፍንጫና ዓይን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ንፍጥ ይወርዳል። መድኃኒቱ እነዚያን ቦታዎች ይይዝና ሂስታሚኑን ማረፊያ ያሳጣዋል። የመጀመሪያዎቹ ፀረ ሂስታሚኖች የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ፊት ቀደም የነበረው ዳንኤል ቦቬ በ1957 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

መታፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አፍንጫችን የሚደፈነው በንፍጥ ብቻ ይመስለናል። ተናፍጠን ተናፍጠን ምንም ሳይወጣ ይቀራል፤ ምክንያቱም መንገዱን ያጠበበው በአብዛኛው ያበጠው ሽፋንና በደም የተሞሉት የደም ሥሮች ናቸው። ሳይነስ የሚባሉት በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ፣ በአፍንጫም ዙሪያ ያሉ ባዶ ክፍሎች ናቸው። ወደ አፍንጫ የሚፈሱበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ሽፋኑ ሲያብጥ ይዘጋል፤ ያ ውጥረት የሚመጣውም ከዚህ ነው። በዚህ እብጠት ከሂስታሚን ሌላ ብዙ ኬሚካሎች እጃቸው አለበት። ስለዚህ ክኒኗ ማሳከኩንና ማስነጠሱን ጥሩ አድርጋ ታስታግሳለች፤ መታፈኑን ግን እምብዛም አትነካውም። መነሻው ጉንፋን ከሆነ ደግሞ ጥቅሟ ከዚያም ያንሳል።

ሾፌሩ አላሳከከውም። ከአምስት ቀን በፊት በጉንፋን ነው የጀመረው።

እሱን በተለይ ያስጠነቀቅሁት ስለ ክሎርፌኒራሚን ነው። የቆየ ፀረ ሂስታሚን ነው፤ በብዙ የጉንፋን ቅልቅል ክኒኖች ውስጥ አለ፤ እንቅልፍ ያመጣል። ተሳፋሪ ጭኖ ቃሊቲ ድረስ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አፍ ያደርቃል፣ ንፍጡንም ሊያወፍረው ይችላል። ሽንት ለሚያስቸግራቸው አዛውንቶችና አንዳንድ ዓይነት የዓይን ግፊት ላለባቸው ሰዎችም አደጋ አለው። ከአዲሶቹ ፀረ ሂስታሚኖች ሎራታዲን እንቅልፍ የማምጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ሴትሪዚን አንዳንዱን ሰው ያደክማል። በቅልቅሎቹ ውስጥ ለመታፈን ተብሎ የሚገባው ፌኒሌፍሪን ደግሞ በአፍ ሲወሰድ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን እንደማይሻል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ደምድመዋል።

አለርጂ ኖሮበት ወራት ሙሉ አፍንጫው ለሚታፈን ሰው የተሻለው በአፍንጫ የሚነፋው ስቴሮይድ የሚባል እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ይወሰዳል፤ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲተወው አዝናለሁ። ወዲያው የሚከፍተው ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ መታፈኑን መልሶ ያባብሰዋል። አፍንጫቸው ሳይታፈን ግንባራቸውን ብቻ እየወቀረ የሚያማቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግራቸው ማይግሬን ነው።

«እንግዲያው አሞክሳሲሊን ጨምሪልኝ» አለኝ። አብዛኛው የሳይነስ ሕመም መነሻው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይረዳውም፤ ከ10 ቀን በላይ ሳይሻል ከቆየ ወይም ተሽሎት እንደገና ከባሰበት ያን ጊዜ ሐኪም ይየው። ለጊዜው ፓራሲታሞል ሰጠሁት፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ አፍንጫው እንዴት እንደሚታጠብበትም አሳየሁት። ውኃው መፍላቱን ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም አንገቱን ካገተረው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንዲሄድ ነግሬው ወጣ።