የገጣባ ቁስል፣ ፀረ-ብግነት መድኃኒትና ኮላጅን በጎጃም

በጎጃም እህል ወደ ቡሬ፣ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ገበያ ሲጓጓዝ ሸክሙን አህያ፣ እርሻውን ደግሞ በሬ ይችለዋል። የአህያው ጀርባ ይገጠባል፤ የበሬው ጫንቃ ቀንበሩ በሚያርፍበት ከሻኛው ፊት ይላጣል። ቁስሉ ያብጣል፣ ይግላል፣ ሲነኩት እንስሳው ይሸሻል። ይህ ብግነት እንደ በሽታ ይቆጠር እንጂ ጥገናው የሚጀምረው ከእሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ የደም ሕዋሳት የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ፣ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን ሕዋሳትም ይጠራሉ። እነዚህ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን ይፈትላሉ፤ መጀመሪያ ቀጭኑን ሦስተኛ ዓይነት፣ ቆይቶ ጠንካራውን አንደኛ ዓይነት። ጠባሳው ለወራት ቢጠነክርም ከጤነኛ ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህሉን ቢደርስ ነው።

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉት ስቴሮይድ የሚባሉ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች እብጠቱን ቶሎ ያበርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳቱ እንዳይመጡ ያግዳሉ፣ የፋይብሮብላስትን መራባትና የኮላጅንን ምርት ይቀንሳሉ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ጉዳቱ የሚጎላው መድኃኒቱ ቁስሉ በተፈጠረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሰጥ ነው፤ ብግነቱ ካለፈ በኋላ ሲሰጥ ያን ያህል አይከፋም። ቫይታሚን ኤ ይህን መዘግየት በከፊል ሊቀለብስ ይችላል።

ፌኒልቡታዞን፣ ፍሉኒክሲንና ሜሎክሲካምም ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ናቸው፤ ስቴሮይድ ግን አይደሉም። ብግነትና ሕመም የሚያባብሰውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል የሚሠራውን ኤንዛይም ያግዳሉ። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ራሱ የኮላጅንን ምርት ሊገታ ስለሚችል፣ ውጤታቸው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ እንደ መጠኑና እንደ ቁስሉ ቦታ ይለያያል። በሥራ ከብት ላይ እጅግ የሚያሳስበው ግን ሕመም ማስታገሳቸው ነው። አህያው መሸሽ ሲተው ባለቤቱ ዳነ ብሎ ይጭነዋል፤ ገና ያልጠነከረው ኮላጅን ከጭነቱ ሥር ይበጠሳል። እንስሳውን ከሸክም ማሳረፍና መደላድሉን ማስተካከል ከማንኛውም መርፌ ይቀድማል፤ ይህ ሳይሆን መድኃኒት መስጠት ጉዳቱን ማራዘም ነው።

በአገው ምድር ነገሩ ይገለበጣል። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በዓላቸውን የሚያከብሩት የአገው ፈረሰኞች ለፈረስ ያላቸው ክብር የታወቀ ነው። የፈረስ የታችኛው እግር ሲቆስል ብግነቱ ደካማ ሆኖ ስለሚራዘም፣ ከቆዳው በላይ የሚያብጥ ትርፍ ሥጋ ይበቅላል፤ ቆዳውም መግጠም ያቅተዋል። እዚህ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ትርፉን ቆርጦ፣ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በስሱና ለአጭር ጊዜ ሊቀባ ይችላል፤ ኮላጅንን የሚገታው ጠባዩ በዚህ ቦታ ይጠቅማልና።