ቡን የተባለ ሁሉ የዳንኤል ቡን ዘር አይደለም

አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የቤተሰብ ታሪክ ክፍል እሠራለሁ። አንድ ሰው ይመጣና «የእናቴ አያት ቡን ነበሩ፤ የዳንኤል ቡን ዘሮች ነን» ይለኛል። በሌላው ሳምንት ደግሞ ሌላው ይመጣል። ፈገግ እላለሁ፤ ግን ሰልችቶኛል።

ለማያውቀው፦ ዳንኤል ቡን በ1734 ፔንሲልቬንያ የተወለደ አዳኝ ነው። በ1775 ሰፋሪዎች ወደ ኬንታኪ የሚሻገሩበትን መንገድ ጠረገ፤ በ1820 ሚዙሪ ሞተ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወላጆቹ አሥራ አንድ ልጆች ነበሯቸው፤ እሱ ስድስተኛው ነው። አጎቶችም ነበሩት። ጭራሽ የማይዛመዱት ቡኖችም ሞልተዋል። እኛ አገር የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚቀየር በስም ብቻ ዘር መቁጠር አይታሰብም። እዚህ ግን አንዱ ስም ሦስት መቶ ዓመት ይወርዳል፤ ሰውም እሱን ይዞ ይንጠለጠላል።

አንድ ሽማግሌ ከኢንተርኔት ያተሙትን የዘር ሐረግ ይዘው መጡ። የዳንኤል ልጅ እስራኤል በ1786 ልጅ ወለደ ይላል። እስራኤል ግን በነሐሴ 1782 ብሉ ሊክስ በተባለው ውጊያ ተገድሏል። «አባባ፣ ሙት እንዴት ይወልዳል?» አልኳቸው። «አራት ቦታ አይቼዋለሁ እኮ!» አሉኝ። አራቱም ከአንዱ የተገለበጡ ናቸው።

ቤተሰቡ ደግሞ ስም አይቀይርም። የዳንኤል አባት ስኳየር፣ ወንድሙም ስኳየር። ልጁ እስራኤል፣ ሌላው ወንድሙም እስራኤል። ስለዚህ ሰው የሚለየው በስሙ ሳይሆን በሚስቱ፣ በመሬቱና በጎረቤቶቹ ነው። ከራስህ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ እንጂ ከታዋቂው ሰው ጀምረህ አትውረድ። የግብር መዝገቡን ዓመት በዓመት አገላብጥ፤ ልጁ 21 ሲሞላው ብቅ ይላል። የመሬት ሽያጭ ውልና ኑዛዜ ፈልግ። የመሬት ክርክር ካገኘህማ ሲሳይ ነው። ኬንታኪ አንዱን መሬት ሁለት ሦስት ሰው ይከራከርበት ነበር፤ ዳንኤል ራሱ መሬቱን ያጣው እንዲህ ነው። ምስክሮች ሲቀርቡ ዕድሜያቸውንና አካባቢውን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ይናገራሉ።

ሰዎቹ የሚሉኝ ብዙ ነው። «ቅድመ አያቴን በ1790 የኬንታኪ ሕዝብ ቆጠራ ላይ አገኘሁት።» አላገኘኸውም። የ1790ውም የ1800ውም ጠፍተዋል። ያየኸው ከግብር መዝገብ የተለቀመ ዝርዝር ነው። በዚያ ላይ እስከ 1850 ድረስ ቆጠራው በስም የሚጠራው አባወራውን ብቻ ነበር፤ ሌላው ቁጥር ነው።

«ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩት።» ኒውዮርክ ያለው ይህ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ነው። ቡን ከሞተ 72 ዓመት ሆኖታል።

«ዳንኤል ሁለት የልደት ቀን አለው፤ ሁለት ሰው መሆን አለበት።» ኦክቶበር 22 እና ኖቬምበር 2 የአንድ ሰው ናቸው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 አቆጣጠር ቀይረው 11 ቀን ዘለሉ። ገናን በጃንዋሪ 7 ለምናከብር ሰዎች ይኼ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሥዕልና በፊልም የሚያደርጉለት የራኩን (ጅራተ ረጅም የዱር እንስሳ) ቆዳ ኮፍያውስ? አያደርግም ነበር።

«ዲኤንኤ ይፍረደን።» እንደ አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥር፣ እዚያ እርከን ላይ ብቻ 128 ቅድመ አያቶች አሉህ። ከአንዱ ምንም ላይደርስህ ይችላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ዲኤንኤ የሚያየው ምርመራም ቢሆን የቡን ወገን መሆንህን ቢያሳይ እንጂ ከየትኛው ወንድም እንደመጣህ አይነግርህም።

ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። ሦስት ሳምንት ፈልገን የእውነተኛ ቅድመ አያታቸውን የግብር መዝገብ አገኘን። አንድ ፈረስ፣ መሬት የለም። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«በቃ? ይኸው ነው?» አሉኝ።