ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ከልጆች ጋር ሙዚየም መሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ በተነገረበት ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየምም በሩን ዘጋ። ዩኔስኮ እንዳስታወቀው በዚያ ወቅት ከዓለም ሙዚየሞች 90 በመቶ ያህሉ ተዘግተው ነበር። ከተከፈቱ በኋላም ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዞ መሄድ ከብዷቸው ቆይቷል፤ ሌላ ወረርሽኝ በተሰማ ቁጥርም ያው ስጋት ይመለሳል። መጠንቀቁ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ዋናው አደጋ ተዘንግቶ ጥንቃቄው ሁሉ በትንሹ ላይ ማረፉ ነው።

«እጃችንን ሳኒታይዘር ከተቀባን ምንም አንሆንም።»
ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገለጸው፣ የተበከለ ነገር በመንካት የመያዝ ዕድል በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ በታች ነው። እጅ መታጠብ መልካም ልማድ ነው፤ በታፈነና ሰው በበዛበት አዳራሽ ውስጥ ግን ሳንባን አይጠብቅም። ደግሞም ሳኒታይዘሩ ለቅርሱ ጠላት ነው። አልኮል የቀለም ቅብንና የእንጨት ቫርኒሽን ያበላሻል፣ ብራናንም ይጎዳል። ለዚህ ነው የቅርስ ባለሙያዎች የተነካን ዕቃ መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ለቀናት ለይተው ማስቀመጥን የመረጡት፤ ቫይረሱ በጊዜ ብዛት በራሱ ይከስማልና። ልጅዎ እጁን ተቀብቶ ከሆነ እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ ከዚያም ቢሆን ቅርሱን አይንካ።

«ሙዚየም ዝግ ቤት ስለሆነ ከሱፐርማርኬት የባሰ ነው።»
እ.ኤ.አ. በ2021 የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ከአቅሙ 30 በመቶ ብቻ ሰው የሚያስገባና ጎብኚው ሁሉ ማስክ ያደረገበት ሙዚየም ከሱፐርማርኬት ያነሰ ስጋት እንዳለበት አሳይተዋል። ቁልፉ ያለው በሁኔታው ላይ ነው። አንድ አስጎብኚ ጮክ ብሎ ሲያስረዳ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ከቦት ከቆመ ስሌቱ ይፈርሳል። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ብሔራዊ ሙዚየም ለመጎብኘት በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ። ሰው ሳይበዛ ድንቅነሽ ካለችበት ምድር ቤት ይጀምሩ፤ የተማሪ ቡድን ከመጣ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ቆይተው ይመለሱ።

«በር ላይ ሙቀት ተለክቷል፣ በቂ ነው።»
አይደለም። ሰው ምልክት ሳያሳይም ያስተላልፋል፤ ትኩሳቱንም ፓራሲታሞል ሊደብቀው ይችላል።

«ልጆችን ብዙም አይጎዳቸውም።»
አብዛኞቹ ልጆች ኮቪድን ቀለል አድርገው ማለፋቸው እውነት ነው። እኛ ዘንድ ግን ልጅና አያት በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ስለዚህ ጉብኝቱ ሲታቀድ መታሰብ ያለባቸው እማማና አባባም ናቸው። ማስክን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እንዲህ ነበር፦ 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች አይገደዱም፣ ከ6 እስከ 11 ያሉት እንደ ሁኔታው፣ ከ12 ጀምሮ እንደ አዋቂ።

«ወረርሽኝ ሁሉ አንድ ነው።»
በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የተረጋገጠው የማርበርግ ቫይረስ የሚተላለፈው ከታማሚ ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። ኮሌራ ደግሞ በውኃና በምግብ ይመጣል፤ እዚያ ላይ የሚያሳስበው ልጆቹ የሚበሉትና የሚጠጡት ነው። ኩፍኝ ከሁሉም ይለያል፤ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት በአየር ላይ ይቆያል። ገና ያልተከተበ ሕፃን ካለ ኩፍኝ በተከሰተበት ከተማ ጉብኝቱን ማቆየት ይሻላል።

«በስልክ ማየት ያው ነው።»
ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ስልኩ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ያን ቀን ማንም ወደ ሙዚየም መሄድ የለበትም። ነገር ግን ስልክ ልክን አያሳይም። የድንቅነሽ ቁመት 1.1 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ለእይታ የቀረበው ቅጂ ቢሆንም (ዋናው አጽም ለብቻው ተጠብቆ ተቀምጧል)፣ የ5 ዓመት ልጅ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ካስቆጠረች ጎልማሳ ጋር ቁመቱን የሚለካካው እዚያ ፊቷ ቆሞ ነው።