ስለ ቤሪ ዝርያዎች የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

«ምርጡ ዝርያ የትኛው ነው?» በጓሮው ቤሪ (እንጆሪ፣ ራስቤሪ፣ ብላክቤሪ ወይም ብሉቤሪ) ሊተክል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ የዝርያ ስም ሆኖ ይመጣል። ስሙን የነገረን ሰው ግን ስለ አየራችንም ስለ አፈራችንም አልጠየቀንም። በኔ እምነት ከጣዕም በፊት መታየት ያለበት ዝርያው ራሱ የሚፈልገው ነገር ነው፤ መቼ ያብባል፣ ምን ያህል ብርድ ይሻል፣ እንዴት ይገረዛል። በዚህ ዙሪያ ደጋግመው የሚወሩትን እንያቸው።

«እንጆሪ ያው እንጆሪ ነው፣ ያገኛችሁትን ትከሉ»

ልዩነታቸው ሰፊ ነው። አንደኛው ወገን ቀኑ ሲያጥርና አየሩ ሲቀዘቅዝ የአበባ እንቡጡን ያዘጋጅና በቀጣዩ ወቅት ፍሬውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰጥቶ ይጨርሳል፤ ኧርሊግሎው እና ጁዌል ከነዚህ ናቸው። ሌላኛው ወገን፣ እንደ አልቢዮን፣ ሲስኬፕ እና ሳን አንድሪያስ ያሉት፣ የቀኑ ርዝመት ብዙም አይገዳቸውም። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ ለወራት እያበቡ ያፈራሉ። ማርማላታ ሠርቶ ለማስቀመጥ ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ቢተክል ይሻለዋል፣ ምርቱ በአንዴ ይደርስለታል። ጠዋት ጠዋት እፍኝ ለቀም አድርጎ መብላት ለሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛው ይመቸዋል። ይህን ሳያውቁ አንዴ ብቻ የሚያፈራውን ተክለው «ተክሉ ደከመብኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ተክሉ ግን ሥራውን ጨርሶ ነው።

«ትልቅ ፍሬ ጣዕም የለውም»

መጠን ብቻውን ስለ ጣዕም አይናገርም። በአንድ የእንጆሪ አበባ ዘንግ ላይ እንኳን ቀድሞ ያበበው ትልቁን ፍሬ ይሰጣል፣ ተከታዮቹ እያነሱ ይሄዳሉ። ጣዕሙን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሳይበስል መቀንጠስ ነው። እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ ሊቀላ ይችላል፣ ስኳሩ ግን አይጨምርም።

«ራስቤሪ በየዓመቱ ከሥሩ መቆረጥ አለበት»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፣ ብዙ ምርት የሚጠፋው በዚህ ነውና። የራስቤሪ ሥር ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ ዘንጎቹ ግን የሚቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እንደ ቱላሚን እና ግሌን አምፕል ባሉት ዝርያዎች ዘንጉ በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሁሉንም በየዓመቱ ከሥር ካጨዳችሁት ለማፍራት የተዘጋጀውን ዘንግ ነው የምትጥሉት፤ ለምለም ቅጠል እያያችሁ ፍሬ ሳትቀምሱ ዓመታት ይቆጠራሉ። በነዚህ ላይ የሚቆረጠው አፍርቶ የጨረሰው ብቻ ነው።

እንደ ሄሪቴጅ እና ኦተም ብሊስ ያሉት ግን በበቀሉበት በዚያው ዓመት ጫፋቸው ላይ ያፈራሉ። እነሱን ከምርት በኋላ፣ ቅጠላቸውን አራግፈው ሲያርፉ፣ ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ይቻላል። ያፈራውን ጫፍ ብቻ ቆርጣችሁ የታችኛውን ክፍል ብትተዉትም ያው ዘንግ በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ ያፈራል። የዝርያው ስም ከጠፋባችሁ መቀሱን አስቀምጡትና አንድ ዓመት ጠብቁ፤ አዲሱ ዘንግ ካፈራ የሁለተኛው ወገን ነው ማለት ነው።

«ጥቁር ራስቤሪ እና ብላክቤሪ አንድ ናቸው»

ለቀም አድርጋችሁ ውስጡን እዩት። ራስቤሪ ቢጠቁርም እምብርቱን ተክሉ ላይ ትቶ ውስጡ ክፍት ሆኖ ይወጣል። ብላክቤሪ እምብርቱን ይዞ ነው የሚመጣው። በቃ።

«እሾህ የሌለው ብላክቤሪ ይጎመዝዛል»

ለቀድሞዎቹ አንዳንድ ዝርያዎች ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ግን በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተዳቀለው ናቫሆ እሾህ የለውም፣ በጣፋጭነቱም የታወቀ ነው። ትሪፕል ክራውንም እንደዚያው። ሰው እሾህ አልባውን የሚያማው በአብዛኛው ቸኩሎ ስለሚለቅም ይመስለኛል። ብላክቤሪ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ ገና ነው፤ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ደብዘዝ ሲል፣ በቀላሉ እጅ ላይ ሲወድቅ፣ ያኔ ነው የበሰለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ቶርንለስ ኤቨርግሪን የሚባለው ዝርያ ሥሩ በመቆፈሪያ ከተነካ ከሥሩ እሾሃም ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ዙሪያውን በጥልቀት አትኮትኩቱ።

«ብሉቤሪ የብርድ አገር ተክል ብቻ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። እንደ ብሉክሮፕ ያሉት ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነ ቅዝቃዜ በድምሩ 800 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካላገኙ በደንብ አያብቡም። ለሞቃት አየር የተዳቀሉት ግን በጣም ባነሰ ይረካሉ፤ ለሰንሻይን ብሉ 150 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው የአፈሩ ጉዳይ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ሲወጣ ተክሉ ብረት ማግኘት ያቅተዋል፣ ቅጠሉም የደም ሥሩ መስመር አረንጓዴ እንደሆነ ይቢጫል።

የቡና አተላ መድፋት ይፈታዋል ሲባል ትሰማላችሁ። አይፈታውም፤ ቡናው ሲፈላ አብዛኛው አሲድ ከውሃው ጋር ስለሚወጣ የሚቀረው አተላ አሲድነቱ ትንሽ ነው። የሚሠራው ድኝ ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ ነውና ከመትከላችሁ ከወራት በፊት አፈሩ ውስጥ አስገቡት። አፈራችሁ ኖራ የበዛበት ከሆነ ግን ከመታገል ይልቅ አሲዳማ አፈር በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ መትከል ይቀላል።

«ብሉቤሪ አንድ ችግኝ ይበቃል»

እንደ ዝርያው ነው። ራቢትአይ የሚባለው ወገን ሌላ የራቢትአይ ዝርያ አጠገቡ ካልተተከለ የሚያፈራው በጣም ጥቂት ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን ያፈራሉ፣ ጎረቤት ሲያገኙ ግን ፍሬያቸው ይተልቃል።

«ከወደድኩት ፍሬ ዘር አውጥቼ ያንኑ አገኛለሁ»

አታገኙም። የተዳቀለ ዝርያ ከዘር ሲበቅል ልጁ ከወላጁ ይለያል። ለምሳሌ አልቢዮን እንጆሪን ደግማችሁ ማግኘት ከፈለጋችሁ መሬት ለመሬት ከሚዘረጋው ሐረጉ ላይ ሥር የያዘውን ትንሽ ችግኝ ቆርጣችሁ ትከሉ፣ ችግኙን ግን ቅጠሉ ካልተኮማተረና ካልተዥጎረጎረ ጤነኛ እናት ተክል ውሰዱ፣ ቫይረስ ከእናቲቱ ወደ ችግኙ በዚያው ሐረግ ስለሚተላለፍ።